ዛፉን ያቆየው መጠጡ ነው

ፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ የፖም ጠጅን በተመለከተ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው አንዴ ቀምሶ ፊቱን አጨማዶ «ይሄማ ኮምጣጤ ነው» ብሎ የተወው ነው። ሁለተኛው ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የገባው ነው። እኔ ዛሬ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ግን ያግባባን ዛፉ ነው፣ ስለዚህ ከታች ያለው ጽሑፍ ስለ መጠጥ ቢመስልም ግማሹ ስለ ዛፍ ነው። አልኮል የማትጠጡም አንብቡት፣ ምንም አትሆኑም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መጠጡን ላስተዋውቅ። እንግሊዞች ሲደር የሚሉት ዘመድ ነው፤ የፖም ጭማቂ ፈልቶ የሚሆነው ነገር። ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን ክፍለ ሀገር ሰዎች አፕፈልቫይን፣ በሰፈርኛቸው ደግሞ ኤብልቮይ ይሉታል። በጣሳ የሚሸጠው ሲደር አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭና ጋዝ የበዛበት ነው። ይሄኛው ስኳሩ ሁሉ ፈልቶ ያለቀ፣ ጋዙም እምብዛም፣ ጎምዛዛ ነው። አልኮሉ ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ነው። ግራጫ ላይ ሰማያዊ ጌጥ ካለው ቤምበል ከሚባል የሸክላ ማሰሮ ይቀዳል፤ ብርጭቆው ላዩ የተሸነሸነ ነው፣ ድሮ ሰው በእጁ ሥጋ እየበላ ስለሚጠጣ ቅባት የነካው እጅ እንዳያዳልጥ ነው ይላሉ። ብዙ ሰው ጋዝ ያለው ውሃ ጨምሮበት ነው የሚጠጣው። ለስላሳ የሚጨምርበትም አለ፣ እሱን ግን አዛውንቶች ፊት ባታደርጉት ይሻላል።

እኔ የምሄድበት ቦታ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ማይን ወንዝ ከራይን ሊቀላቀል ትንሽ ሲቀረው፣ ሆኽሃይም አካባቢ ነው። ወደ ቪስባደን የሚሄደውን ኤስ-አንድ ባቡር መሳፈር ብቻ ነው። ሆኽሃይም የወይን አገር ናት። ስሟ የወጣው ሪዝሊንግ በሚባለው ነጭ ወይን ነው፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1845 መጥታ ያየችው የወይን ማሳ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። የምረዳቸው ባልና ሚስትም የወይን ገበሬዎች ናቸው፣ ሁለቱም ሰባውን ተሻግረዋል። ማሳቸው ትንሽ ነው። ወይኑ ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ ተሰልፏል፤ ፖሙ ከኋላ፣ ብርድ በሚተኛበትና ወይን በማይወደው መሬት ላይ ነው። ወይኑ ለገበያ፣ ፖሙ ለቤት። ሰውየው ስለ ወይናቸው ሲያወሩ ኮስተር ይላሉ፣ ቃል ይመርጣሉ። ስለ ፖሙ ሲያወሩ ይስቃሉ። እኔ የሚስቁበትን ወደድኩ። መኸር ሲደርስ ሺፍት በሌለኝ ቀን እዚያ ነኝ፣ ክፍያዬም በጠርሙስ ነው።

ወይን ባለበት አገር የፖም ጠጅ ምን ይሠራል? መልሱ ፍራንክፈርት ውስጥ አለ። ዜክባኽ ሰፈር ሎርበርግ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ብዙዎቻችሁ በጋ ላይ ልጆች ይዛችሁ የወጣችሁበት መናፈሻ ነው። እዚያ ተዳፋቱ ላይ 1.3 ሄክታር ገደማ የሚሆን የወይን ማሳ አለ። በከተማዋ ክልል ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ድሮ ዙሪያው ወይን በወይን ነበር። ከዚያ አየሩ ለብዙ ዘመን ቀዘቀዘ፣ ጦርነት መጣ፣ በሽታ መጣ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የወይን ሥር የሚበላ ነፍሳት ከአሜሪካ ገባ። ወይን የነበረበት መሬት ቀስ በቀስ የፖም መሬት ሆነ። ፖም መጥመቁ ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት ሻርለማኝ የሚባለው ንጉሥ ታላቁ ካርል ስለ ርስቶቹ አስተዳደር ባወጣው ደንብ ከፖምና ከፒር መጠጥ መሥራት የሚችሉ ሰዎች በየርስቱ እንዲኖሩ አዝዟል። ግን ወይን ሲርቅ ነው ፖም የሁሉም መጠጥ የሆነው። በ1638 የፍራንክፈርት ምክር ቤት ስለ ፖም ጠጅ ጥራት ደንብ አወጣ፤ ማለትም ያኔውኑ የሚያጭበረብር ሰው ነበረ ማለት ነው፣ የማይፈለግ ነገር ላይ ማን ያጭበረብራል?

አሁን ወደ ዛፉ። ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ፖም የሚበቅለው አጭር ዛፍ ላይ ነው። ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ሽቦ ይደገፋል፣ በየጊዜው መድኃኒት ይረጫል፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። የነዚህ ሰዎች ዛፎች ሌላ ናቸው። ቅርንጫፍ የሚጀምረው ከሰው ቁመት በላይ ነው። አንዱ ከሌላው አሥር ሜትር ያህል ይርቃል። ከሥራቸው ሣር ነው፤ ወይ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፣ ወይ በግ ይግጠዋል። ሙሉ ምርት ለመስጠት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን 80 ዓመትም ከዚያ በላይም ይኖራሉ። ሲያረጁ ግንዳቸው ይቦረቦራል። ቦርቦሩ ውስጥ ትንሿ ጉጉት ትገባለች፣ የሌሊት ወፍ ይገባል፣ ንብ ይገባል። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት እንደዚህ ባሉ የፖም መስኮች ከ5000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያ ይኖራል ይላሉ። መርጨት የሚባል ነገር የለም። ዛፉ ረጅም ነው፣ ማን ወጥቶ ይረጨዋል?

መንግሥት ለረጅም ጊዜ እንዲህ አላሰበም። በ1953 የምዕራብ ጀርመን ግብርና ሚኒስቴር ከእንግዲህ ለረጃጅም የፍራፍሬ ዛፍ ቦታ የለም የሚል አቋም ያዘ፤ እስከ 1970ዎቹም ድረስ ዛፉን ለነቀለ ገበሬ ገንዘብ ይከፈል ነበር። ለነቀለ! ጎረቤት ሁሉ ነቀለ። እነዚህ ቤተሰቦች ለምን እንዳልነቀሉ እመቤቲቱን ስጠይቃቸው እኔ የጠበቅኩት ስለ ወፍና ስለ ንብ የሆነ ንግግር ነበር። ያሉኝ ግን «ታዲያ አባቴ ክረምቱን ምን ሊጠጣ?» ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በዚህ መልስ በኩል ነው የማየው። እነዚያን ዛፎች ያተረፋቸው የተፈጥሮ ፍቅር አይደለም። ጥማት ነው። ፖሙን ለጭማቂ ፋብሪካ ቢያቀርቡት 100 ኪሎው ከ10 ዩሮ በታች የሚወርድበት ዓመት አለ፤ ጎንበስ ብሎ ለመልቀም እንኳ የማያበቃ ዋጋ ነው፣ ለዚህ ነው መንገድ ዳር ፖም ተነጥፎ ሲበሰብስ የምታዩት። ያው ፖም ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ግን የሚጠበቅ ነገር ይሆናል። የሚጠበቅ ነገር ያለው ሰው ደግሞ በየካቲት ብርድ መሰላል ላይ ወጥቶ ዛፍ ይገርዛል።

ስለ «ባዮ»፣ ማለትም ኦርጋኒክ ስለሚባለው፣ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ዛፎቹ መድኃኒት ነክቷቸው አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ ግን «ባዮ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቃሉ የሚጻፈው ቁጥጥር ለሚደረግበትና የምስክር ወረቀት ላለው ብቻ ነው፤ በየዓመቱ መርማሪ ይመጣል፣ ክፍያ አለ፣ እንደ ዛፍ ያለ ቋሚ ተክል ደግሞ የሦስት ዓመት መሸጋገሪያ አለው። ለጥቂት መቶ ሊትር ሲባል ሰውየው አይሞክሩትም። ወረቀቱን ግን አልንቅም። ቁጥጥር ባይኖር ነገ ማንም ተነስቶ ይጽፈው ነበር። አንዳንድ መጭመቂያ ቤቶች ደግሞ የብዙ ትናንሽ ባለ ዛፎችን መስክ ሰብስበው በአንድ ላይ ያስመሰክሩና ለፖሙ የተሻለ ይከፍላሉ፣ ይሄ ደስ የሚል መላ ነው። የሚያስቀኝ ሌላ ነው፦ ባዮ የሆነ የወይን ማሳ እንኳ መዳብና ድኝ ይረጫል፣ አለዚያ ሻጋታው ይጨርሰዋል፤ ከኋላው ያለው የፖም መስክ ምንም ሳይነካው ወረቀት የለውም። ገዢ ደግሞ ወረቀቱን ነው የሚያነበው።

ለቀማው ከመስከረም አጋማሽ ይጀምርና እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሄዳል፣ ዛፉ እንደ ዓይነቱ ነው የሚደርሰው። ጫፉ መንጠቆ በሆነ ረጅም እንጨት ቅርንጫፉን ይዞ መነቅነቅ ነው፣ ከሥር ሸራ ይነጠፋል፣ ራስን መጠበቅ የራስ ፋንታ ነው። ተርብ በሽ ነው። የሚለቀመው ፖም አብዛኛው ለመብላት አይሆንም። ቦናፕፈል የሚባለው ድንጋይ ነው፣ ጥርስ ያማል፤ ትሪረር ቫይንአፕፈል ትንሽና ጎምዛዛ ነው፤ ቦስኮፕ ቢያንስ ለኬክ ይሆናል። ከገበያ የምናውቀው ጣፋጭና ውሃ የሞላው ፖም ብቻውን ቢጠመቅ አልኮል ይኖረዋል እንጂ መጠጥ አይሆንም፣ ቀጥ የሚያደርገው ነገር ያጣል። ጣፋጩ ለአልኮል፣ ጎምዛዛው እንዳይበላሽ፣ አፍ የሚይዘው ደግሞ አንጀት እንዲኖረው። ሦስቱን መቀላቀል ነው፣ ልኩን የሚያውቁት እመቤቲቱ ናቸው፣ በሚዛን ሲለኩ አይቼ አላውቅም።

የተመታ ፖም ችግር የለውም። የበሰበሰ ግን አይገባም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ሻጋታ የያዘ ፖም ፓቱሊን የሚባል መርዝ አለው፣ ጣዕሙም እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖም በእጅ ያልፋል። ወገብ የሚቆርጠው ሥራ ይሄ ነው። ፎቶ ላይ የማይታየውም ይሄ ነው።

የመጭመቂያውን ቀን እማማን ይዣቸው ሄጄ አውቃለሁ። እማማ የምለው እናቴን አይደለም። በቤተ ክርስቲያን በኩል የማውቃቸው፣ እዚህ ከተማ ለሠርግና ለበዓል ጠጅ ከሚጥሉልን እናቶች አንዷ ናቸው። አዲስ አበባም ሥራቸው ይሄው ነበር። ባለሙያ ባለሙያን ሲያይ ምን እንደሚል ለመስማት ነው የወሰድኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው ባቡሩ ላይ «ልጄ፣ የፖም ጠጅ ምን ይባላል ደግሞ?» እያሉኝ ሄድን።

ፖሙ ገንዳ ውስጥ ይታጠባል። ከዚያ ወፍጮው ይከትፈዋል፤ ከሥር የሚወጣው እርጥብ ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣና ዓይናችሁ እያየ ቡናማ ይሆናል። መጭመቂያው የድሮው ዓይነት ነው። የእንጨት ርብራብ ይቀመጣል፣ በላዩ ወፍራም ጨርቅ ይዘረጋል፣ ድፍድፉ ይፈስበታል፣ ጨርቁ ከአራቱም ጠርዝ ይታጠፋል፤ እንደገና ርብራብ፣ እንደገና ጨርቅ፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ደረት ድረስ ይቆለላል። ገና ማንም ሳይጫነው በራሱ ክብደት መንጠባጠብ ይጀምራል። ከዚያ ማሽኑ ቀስ ብሎ ይጫነዋል። ቀስ ማለት አለበት፣ ከተቸኮለ ጨርቁ ይተረተራል። ከ100 ኪሎ ፖም ከ60 እስከ 70 ሊትር ጭማቂ ይወጣል። ጭማቂው የወጣለት ደረቁ ለጎረቤት በጎች ነው፤ በጎቹ የመኪናውን ድምፅ ለይተው ያውቁታል።

እመቤቲቱ ከቧንቧው ሥር በብርጭቆ ቀድተው ለእማማ ሰጧቸው። እማማ አማተቡና ቀመሱ። «ብርዝ ነው!» አሉ። ትንሽ ቆዩና «እንዲህ የሚጥም ነገር ለምን ይፈላል? እንዲሁ አይጠጡትም?» አሉኝ። ተረጎምኩ። ባልየው ከት ብለው ሳቁ። እማማ ዙሪያውን ሲቃኙ ቆይተው ዋናውን ጥያቄ አመጡ። «ጌሾው የታለ?»

ጌሾ የለም። ግን ሽፓየርሊንግ አለ። የማሳው ጥግ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ዛፍ ቆሟል፤ ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ግማሽ ፖም ግማሽ ፒር የምትመስል ነገር ናት። ከመብሰሏ በፊት ትለቀምና ለብቻዋ ትጨመቃለች፣ ከፖሙ ጭማቂ ላይ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይገባል። ታኒን የሚባለው አፍ የሚይዝ ነገር በውስጧ ሞልቷል፤ መጠጡን ያጠራዋል፣ ያቆየዋል። እመቤቲቱ አንዷን አንስተው ለእማማ አቀበሉ፣ እኔ «ይተዉት» ብዬ ሳልጨርስ እማማ ነከሱ። ፊታቸውን ልገልጸው አልችልም። ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲላቀቅ ያሉት ግን «ይኼውልሽ፣ ጌሾማ አላቸው» ነው። በሥራው አይገናኙም፤ ጌሾ ምሬቱን ይሰጣል፣ ጠጁ እንዲፈላም ያግዛል፣ ይሄኛው ማሰሪያ ነው። ግን ሀሳቡ ገብቷቸዋል። ጣፋጭ ነገር ብቻውን አይቆምም፣ የሚይዘው ይፈልጋል።

ሽፓየርሊንግ ሊጠፋ የደረሰ ዛፍ ነበር። በ1993 ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ዛፍ ተብሎ ተመርጦ ነበር፣ ያም የተደረገው ሰው እንዲያስታውሰው ነው። ደን ውስጥ ከሌሎች ዛፎች ጋር ሲሻማ ይሸነፋል፣ ለማፍራትም ጊዜ ይወስዳል። ሄሰን ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየው ለምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም፤ የፖም ጠጅ ጠማቂዎች ስለፈለጉት ነው። ያው የአባትየው ክረምት ነው።

ጭማቂው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በርሜሎቹ አንዳንዶቹ ብረት፣ ሁለቱ ግን የድሮ እንጨት ናቸው። እንጨቶቹ ባዶ በሚሆኑበት ጊዜ ውስጣቸው ቀጭን የድኝ ጥብጣብ ይለኮስና ይታፈናሉ፣ ሻጋታ እንዳይይዛቸው። ሰውየው ሲያሳዩን እማማ በደስታ እጄን ያዙኝ። «ያጥናሉ እንዴ እነዚህም!» ጋን በወይራ ስታጥን ላደገች ሴት ይሄ ማስረጃ ነው። ጢሱ ይለያያል፣ የድኙ ሽታ ያስነጥሳል፣ ወይራ እንዲሸት አትጠብቁ። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ በእማማ ዘንድ ሰው ሆኑ።

እርሾ ማንም አይጨምርም። ትላልቆቹ አምራቾች የተገዛ እርሾ ነው የሚጠቀሙት፣ ጣዕሙ በየዓመቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለሚፈልጉ፣ እሱም ነውር የለውም። እዚህ ግን የሚያፈላው ከፖሙ ልጣጭ፣ ከጨርቁ፣ ከወፍጮው፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የኖረው ነው። መጀመሪያ ደካሞቹ እርሾዎች ይነሳሉ፣ ብዙ መዓዛ ይሰጣሉ፣ ግን አልኮሉ ወደ 4 በመቶ ገደማ ሲደርስ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ ብርቱው እርሾ፣ ዳቦና ቢራ የሚሠራው ዘመድ፣ ተረክቦ ስኳሩን ይጨርሳል። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም። ሳምንታት ነው፣ አንዳንዱ እስከ ገና ይደርሳል። በርሜሉ አፍ ላይ ያለችው የመስታወት ቱቦ ውሃ ይዛ ብልቅ ብልቅ ትላለች፣ ጋዙ እንዲወጣ አየሩ እንዳይገባ።

ስለ ጋዙ ላስጠንቅቅ። ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አይታይም። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ሰው ይገድላል። ሰውየው ሻማ ሳይዙና በሩን ከፍተው ሳይቆዩ አይወርዱም። ሻማው ከጠፋ መመለስ ነው። ሻማው እየነደደም ቢሆን ራስ ምታት ከተሰማችሁ ውጡ። ቤታችሁ ውስጥ በትልቅ ዕቃ የምትጠምቁ ካላችሁ ይሄን ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ያዙት።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ላይ ያለኝ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰዎች ምንም ሳይነኩት በራሱ የሚሆን ነገር ይመስላቸዋል። ዝም ብትሉት ጭማቂው በራሱ የሚሆነው ኮምጣጤ ነው። ኮምጣጤ የሚያደርገው ባክቴሪያ አየር ይወዳል፣ ስለዚህ በርሜሉ እስከ አፉ መሙላት አለበት፣ ከጎደለ መጨመር፣ ሁልጊዜ። ቱቦው ይታጠባል፣ ጨርቁ ይቀቀላል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ እንደገና ቱቦው። ሰውየው ራሳቸው የአያታቸው የፖም ጠጅ ብዙውን ጊዜ መጥፎ እንደነበር በግልጽ ይናገራሉ፤ ሰው ይጠጣው የነበረው ሌላ ስላልነበረ ነው። ይሄን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ድሮ የተደረገ ነገር ሁሉ ድሮ ስለተደረገ ብቻ ጥሩ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ቱቦ አጥበው የሚያውቁ አይመስለኝም።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ገና እየፈላ ሳለ፣ ጉሹ ይጠጣል። ደፍርሷል፣ ይጣፍጣል፣ ምላስ ይቆነጥጣል፣ እዚህ ራውሸር ይሉታል። ሆዳችሁን ስለሚያደርገው ነገር ሰው ይነግራችኋል፣ እመኑት። ከዚያ ብርድ ሲጠነክር ዝቃጩ ይወርዳል፣ ላዩ ይጠራል፣ ወደ ጥር ገደማ ከዝቃጩ ላይ ተንቆርቁሮ ወደ ንጹህ ዕቃ ይዛወራል። እማማ የጠራውን በፋሲካ ላኩልኝ ብለው ላክሁላቸው። ብርጭቆውን ጨርሰው፣ ፊታቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው፣ «ንጹህ ነው፣ እጃቸው ይባረክ፤ ማር ቢገባበት ግን» አሉ። ለባልና ሚስቱ ነገርኳቸው። አሁን አንድ ትንሽ ዕቃ ማር ገብቶበት እንዲፈላ ተወስኗል፣ ክርክሩ ስለ ማሩ መጠን ነው።

የሚሸጥበት ቤት ምልክት ደግሞ እንዲህ ነው። የራሱን የፖም ጠጅ የሚያቀርብ ቤት በር ላይ የጥድ ቅርንጫፍ የአበባ ጉንጉን ሆኖ ይሰቀላል። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ አይቶ ጠላ ቤት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስሙም ቢሆን ተከራክረውለታል፤ በ2007 ብራስልስ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዘንድ፣ «ቫይን» (በጀርመንኛ የወይን ጠጅ) የሚለው ስም ከወይን ፍሬ ለሚሠራ ብቻ ይሁን የሚል ረቂቅ ቀርቦ ሄሰን በሙሉ ተንጫጫ፤ በሌላ ነገር የማይስማሙት ፖለቲከኞችም ጭምር። ረቂቁ ተተወ።

አሁን ያለው ችግር ግን በጩኸት የሚመለስ አይደለም። በ2017 ሚያዝያ ላይ ውርጭ አበባውን ገደለው፣ በዚያ ዓመት ፖም አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2018 ደግሞ ቅርንጫፍ እስኪሰበር አፈራ፣ ዋጋው ግን ወደቀ። ያ በጋና ከዚያ በኋላ የመጡት ደረቅ በጋዎች አሮጌዎቹን ዛፎች አደከሟቸው፤ የደከመ ዛፍ ላይ ልጣጩን ጥቁር አድርጎ የሚያደርቅ ፈንገስ ይገባል። ተቀጽላውም ሌላ ነው። ገና ሲደርስ ፈረንጆቹ በራቸው ላይ የሚሰቅሉት ያ አረንጓዴ ነገር ያልተገረዘ የፖም ዛፍ ላይ ተጣብቆ ውሃውን ይጠጣበታል፣ በባቡር ስታልፉ በክረምት ቅጠል የሌለው ዛፍ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የምታዩት እሱ ነው። መፍትሔው መቁረጥ ነው። የሚቆርጥ ግን የለም።

በ2021 የእነዚህ መስኮች አያያዝ፣ በ2022 ደግሞ በእጅ የሚሠራው የፖም ጠጅ ባህል በጀርመን የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ደስ ይላል። መዝገቡ ግን መሰላል ላይ አይወጣም። የባልና ሚስቱ ልጆች ሩቅ ከተማ ናቸው፣ ለገና መጥተው ጠርሙስ ጭነው ይሄዳሉ። ቅርስ ነው ብሎ በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ሱቅ ሲገባ በሊትር 1 ዩሮ የሚረክሰውን ያነሳል፣ ይህን ስል እየሰደብኩት አይደለም፣ ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ግን ዛፉን የሚያቆየው የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ አውቆ ያንሳ። የሚረክሰው ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር በመጣ የተጨመቀ ፖም የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ጀርባውን አንብቡ።

እዚህ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመኸር ወቅት ሜዳ ላይ ግንዱ ቢጫ ጥብጣብ የታሰረለት የፍራፍሬ ዛፍ ካያችሁ ባለቤቱ ማንም ይልቀም ብሎ ፈቅዷል ማለት ነው። ጥብጣብ የሌለውን አትንኩ፣ ባለቤት አለው፣ ስርቆት ነው። በየመንደሩ የራሳችሁን ፖም ወስዳችሁ በክፍያ የሚጨምቁላችሁ ቤቶች አሉ። የራሳችሁ ጭማቂ እንዲመለስላችሁ ብዙዎቹ ዝቅተኛ ኪሎ ስለሚጠይቁ ቀድሞ መደወል ነው፣ ከሁለት ሦስት ቤተሰብ ጋር ብትሆኑ ይሞላል። ጭማቂውን ለመጥመቅ ከፈለጋችሁ ስትደውሉ «አታሙቁብኝ» በሏቸው። ካልተናገራችሁ እስከ 80 ዲግሪ ገደማ አሙቀው በከረጢት ያሽጉታል። ለልጆች ግሩም ጭማቂ ይሆናል፣ ግን እርሾው ስለሞተ በራሱ አይፈላላችሁም።